ቤዙ የግድ ነው?

የሰው ዘፈን የሚጫወት አማተር ባንድ መምራት አድካሚ ነው። ቤዝ ጊታር ይዞ መምራት ደግሞ ድካሙ ላይ ስም አልባነት ይጨምርበታል። ድምፃዊ ብትሆን ሕዝቡ ፊትህን ያውቀዋል። ኪቦርድ ብትጫወት ባለቤቱ ራሱ «ያለ እሱማ አይሆንም» ይላል። ሳክስፎን ብትነፋ ሶሎህ ሲያልቅ ያፏጩልሃል። ቤዚስቱ ግን ከድራሙ አጠገብ ቆሞ አንገቱን የሚነቀንቀው ሰውዬ ነው። ብዙ ሰው የያዘውን ዕቃ «ጊታር» ብሎ ነው የሚያልፈው። «ሁለት ጊታር ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ የጠየቀኝ ሙሽራ አለ።

ስለ እኛ ባጭሩ ልናገር። ስድስት ነን፦ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን እና ድምፃዊት። ሁላችንም እንጀራችንን የምንበላው ከሌላ ሥራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በሰዓት የሚከራይ ክፍል ይዘን እንለማመዳለን፤ ሲገኝ ደግሞ ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ምግብ ቤት ጥግ ላይ እንጫወታለን። የምንጫወተው በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የወጡ ዘፈኖችን ነው። የራሳችን የሚባል አንድም ዘፈን የለንም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው «ለምን የራሳችሁን አትሠሩም?» ይላል። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ውስጡ ንቀት አለ። የሰው ዘፈን መጫወት የልጅነት ደረጃ ነው፣ ሲያድጉ ይተዉታል የሚል። ታሪካችን ይህን አይልም። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስን ዘፈን በመጫወት ነው መጀመሪያ የታወቀው። ዋልያስ በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ሲሠራ እራት የሚበላውን እንግዳ ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ መጫወት ነበረበት። እጃቸው የተፍታታው እዚያ ነው።

እኔ ግን በዚህ መልስ አልረካም፤ ምክንያቱም ይህም ቢሆን የሰው ዘፈንን መሰላል ብቻ ነው የሚያደርገው። ክራር ይዞ አምባሰል የሚጫወትን ሰው «የራስህን ለምን አትጫወትም?» የሚለው አለ? ትዝታ የማን ነው? መሰንቆ የያዘ ሁሉ ይጫወተዋል፤ የምንፈርደው እንዴት እንደተጫወተው ነው። ይህን ፍርድ ለአዝማሪ ስንሰጥ ኖረን ኤሌክትሪክ የተሰካበት ዕቃ ስናይ ለምን እንደምንነሳው አይገባኝም። ዘፈን የሚኖረው ሲጫወቱት ነው። ካሴት ላይ ያለው ቅጂ የአንድ ቀን ውሎ ማስታወሻ ነው።

ደግሞም የሰው ዘፈን ቀላል ይመስላችኋል። እስቲ አንዱን የድሮ ዘፈን ቤዝ ብቻ ለይታችሁ ለማውጣት ሞክሩ። ዩቲዩብ ላይ የምታገኙት ከተበላ ካሴት የተገለበጠ ነው። ካሴቱ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስላለ ዘፈኑ በሁለት ኖታዎች መሀል ላይ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ጊታራችሁን ከካሴቱ ጋር ማስማማት አለባችሁ። ከዚያ ቤዙን ፍለጋ ትገባላችሁ። ከበሮው ሥር ነው፣ ከኦርጋኑ ኋላ ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ ጉምጉምታ ነው። አንድ የአራት መስመር ቅኝት ለማውጣት ሦስት ሌሊት ያደርኩበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ስታገኙት ደግሞ ስድስት ኖታ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስድስት ኖታ! ግን ቦታቸው! ስምንተኛ ምት ላይ የምትጠብቀውን ሰውዬው አይመታም፤ ይተወዋል። ዘፈኑ የሚያስጨፍረው በዚያ በተተወው ቦታ ነው።

ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲሠራ ቤዝ የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ በኋላም በሮሃ ባንድ የካሴት ዘመን ስንቱን አልበም ተሸክሟል። እንደ ፈረንጆቹ በ1977 በወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» አልበም ላይ ቤዙ የመላከ ገብሬ ነው። እዚያው አልበም ላይ ያለውን የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ የዓለም ሰው ያውቀዋል። ሰው ሁሉ የነፋሶቹን ዜማ ያፏጫል። ከሥር የሚሄደውን የሚያፏጭ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ጆሮ ሳይሆን ስልክ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ከቤዙ የሚያሰማችሁ ላይ ላዩን ነው። አሁን ያለው ወጣት እነዚህን ዘፈኖች የሰማቸው በስልክ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ስለዚህ ቤዝ ያለበትን ዘፈን ቤዝ እንደሌለው አድርጎ ነው በልቡ የያዘው። መድረክ ላይ ስንጫወትለት «ዛሬ ድምፁ ምነው ከበደ?» ይላል። የከበደው ዘፈኑ ነው ወዳጄ፤ ድሮም ይህን ያህል ይመዝን ነበር።

ወደ ርእሴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከጾመ ሁዳዴ በኋላ ሥራ ፍለጋ ስዞር አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ የተከበሩ፣ ሙዚቃ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ቡና አስመጡልኝ።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ስድስት ነን ጋሼ።»

«ስድስት ይበዛል የኔ ልጅ። ዘፋኝና ኪቦርድ ካለ ይበቃል። ሳክስፎኑም ይምጣ፤ ለዓይን ያምራል። ጊታሩን እናንተ ተነጋገሩበት። ቤዙ ግን የግድ ነው? ኪቦርዱ በግራ እጁ ይሠራው የለ?»

ቤዙ እኔ መሆኔን አያውቁም። ስልክ ደዋዩ፣ ዋጋ ተነጋጋሪው፣ ዕቃ አስጫኙ ሰውዬ መሣሪያም ይጫወታል ብሎ ማን ይገምታል? «የግድ ነው ጋሼ» አልኩ። እሳቸውም በጨዋነት «እንግዲህ አስቡበት» ብለው ሸኙኝ።

በእሳቸው አልፈርድም። የሚቆጥሩት ወንበርና ሳህን ነው፤ ስድስት ሙዚቀኛ ስድስት እራት ነው። የተናደድኩት ማታውን ነው። የራሳችን ኪቦርድ ተጫዋች «እውነታቸውን እኮ ነው ብሮ፤ ለጊዜው ሦስት ሆነን እንግባና ስማችን ሲታወቅ ሙሉውን እናመጣለን» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጎበዝ ነው፣ ለባንዱ አስቦ ነው። ግን ሦስት ሆኖ የታወቀ ስም በሚቀጥለውም የሚጠራው ሦስት ተብሎ ነው። የጎደለውን ሳይጠይቁ ከለመዱ በኋላ «አሁን ደግሞ ቤዝ ጨምረናል፣ ዋጋው ከፍ ብሏል» ብትል ማን ይሰማሃል? ለሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ሥራው አመለጠን። አሁን እዚያ ቤት ሐሙስ ማታ አንዲት ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ከፍላሽ በተከፈተ ማጀቢያ ይጫወታሉ። ሄጄ አይቻለሁ። ጥብሱ ግሩም ነው።

ኪቦርዱ ብቻውን ባንድ የሆነበት ታሪክ አለው፤ ዝም ብሎ የስግብግብነት ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ በር ተቆልፎበት ነበር የሚያድረው። ሙዚቀኛው ተሰደደ፤ ዋልያስም እንደ ፈረንጆቹ በ1981 አሜሪካ ሄዶ የተወሰኑት አባላቱ እዚያው ቀሩ። ምቱን፣ ቤዙንና ነፋሱን በአንድ ሣጥን የያዘ ዕቃ ሲመጣ ለተራበ ሙዚቀኛም ለባለ ክለብም መፍትሔ ነበር። በዚያ ኪቦርድ ልጆቹን ያሳደገ አባት ላይ ምላሴን አላነሳም። ቅሬታዬ መፍትሔው ልማድ፣ ልማዱም ጣዕም መሆኑ ላይ ነው። ሙሉ ባንድ በየሳምንቱ የሚሰማበት ቤት ድሮም ጥቂት ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ደግሞ የሚተካው አይገኝም። በጥር 2007 የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝአምባ አብሮ ሲነድ ያዘንነው ለቤቱ ብቻ አልነበረም።

«ግራ እጁ ይሠራዋል» የሚለው ነገር ደግሞ በሙዚቃም ስሕተት ነው። አምባሰልን ውሰዱ። አምባሰል ቅኝት ውስጥ ከመነሻው ድምፅ ሦስተኛው የለም፤ ደስታ ወይም ኀዘን ብሎ የሚወስንልህን ድምፅ ቅኝቱ ራሱ ትቶታል። ያ የማይታወቅ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ ስሜት የሚመጣው ከዚያ ነው። የኪቦርዱ ማጀቢያ ግን የተሠራው ለሌላ ሙዚቃ ነው፤ ግራ እጅህ ሲጫነው ሦስተኛውን ድምፅ ይዞ ከች ይላል። ዘፈኑ በአንዴ የሠርግ ማርሽ ወይም የቀብር ማርሽ ይሆናል። ቤዚስት ቢኖር መነሻውንና አምስተኛውን ይዞ ይጠብቃል፣ ሦስተኛውን እንደ ቅኝቱ ይተወዋል፤ ድምፃዊቷ ደግሞ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንደፈለገች ትንሳፈፋለች። ባንድ ውስጥ ሥራዬ ምንድን ነው ብትሉኝ ግማሹ ይኸው ነው፦ የማይመታውን ማወቅ።

አንድ ነገር ግን ኪቦርዱን እቀናበታለሁ። ድምፃዊታችን ጉንፋን ይዟት ትመጣና መድረክ ላይ ልንወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረን «ዛሬ ግማሽ አውርዱልኝ» ትላለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ በቃ፣ ጣቶቹ እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ሳክስፎኑ ይሳደባል። እኔ ደግሞ ሦስት ሌሊት የለፋሁበት፣ ክፍት ክር ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ቤዝ ግማሽ ሲወርድ ክፍቱ ክር ይጠፋል፤ ወፍራሙ ክር ላይማ ከዚያ በታች ኖታም የለም። መንገዱን በአዲስ ጣት መፈለግ አለብኝ፤ ያውም ሰው ፊት። ሕዝቡ ከሚሰማው የሚሰማው «ቤዙ ዛሬ ተሳሳተ» ነው። ያን ቀን ብቻ መኖሬን ያውቃሉ።

የሰዎች ነገር ሌላ ጉድ ነው። ዕቁብ ላይ አንድ ሰዓት የማይዘገይ ሰው ልምምድ ላይ ለምን አንድ ሰዓት ይዘገያል? ጊታሪስታችን የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነው። በዝናብም በጭቃም እሑድ ጠዋት መዝገቡን ይዞ ይገኛል፤ ቅዳሜ ግን «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» ይላል። አስቤበታለሁ። ዕድር ላይ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ስሙ ይነበባል፣ በኋላም ቀባሪ ሊያጣ ይችላል። ልምምድ ላይ የቀረ ሰው ግን «አርቲስት ነው» ይባላል። ስለዚህ ዘንድሮ የዕድሩን ሕግ አመጣን። ሩብ ሰዓት የዘገየ ይቀጣል፣ ገንዘቡ ካዝና ይገባል፣ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ይነበባል። ካዝና ያዡም ራሱ ጊታሪስቱ ነው። እስካሁን ከሁሉ በላይ የተቀጣውም እሱ ነው፤ የገዛ ስሙን ሲያነብ ድምፁ ይቀንሳል።

የዓመቱ አቆጣጠርም ከእኛ ጋር አይስማማም። በሁዳዴ ሁለት ወር ያህል ሥራ የለም፤ የፋሲካ ዋዜማ ላይ ግን አምስት ሰው በአንዴ ይደውላል። የጥር ሠርግ ሲመጣ ሳክስፎኑን ሌላ ባንድ በተሻለ ዋጋ ይዋሰውና ለእኛ የሚተርፈው ድካሙ ነው። ድምፃዊ ደግሞ ሁለት ዓመት አብሮህ ለምዶ፣ ድምፁ ልክ ሲበስል፣ የራሱን ነጠላ ዜማ ለቅቆ ይሄዳል። ይህንን አልቃወምም፤ መንገዱ ይኸው ነው። ግን ነጠላ ዜማው ሲወጣ ቤዙን ኪቦርድ የተጫወተው ሲሆን አልዋሻችሁም፣ ያንገበግባል።

ስለ ዕቃ ብዙ አላወራም። የቤዝ ክር ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገባልን፤ እስኪመጣ ድረስ ያረጀውን አውልቀን ውሃ ውስጥ እንቀቅለዋለን። ላቡና ቆሻሻው ሲለቅ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ አዲስ ይጮኻል። ባለቤቴ ለዚህ ሥራ የተለየ ድስት መድባልኛለች፤ ክዳኑ ላይ «የአንተ ሽሮ» ብላ ጽፋበታለች። የቤዝ አምፑን ሚኒባስ ላይ ስጭን ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቀኛል። ልክ ነው፤ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል። ከምግብ ቤቱ ባለቤት ይልቅ ረዳቱ ለቤዝ የሚገባውን ክብር ሰጥቷል።

ሽልማትን ግን ማንሳት አለብኝ፤ ባንድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ሲሞቅ ተነስቶ ድምፃዊቷ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ለእሷ ነው የሰጠው፤ እውነት ነው። ግን ሰውዬውን ከወንበሩ ያስነሳው ምንድን ነው? ምቱ ነው፣ ቤዙ ነው፣ ሁላችንም ነን። ሦስት ስብሰባ ከተቀመጥን በኋላ ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለካዝና ሆነ። እሷ አሁንም በሙሉ ልቧ አላመነችበትም፤ እኔም ግማሹ ይበዛባታል የሚል ነገር አልወጣኝም። ፊት ለፊት ቆሞ የሰካራም ላብ የሚጠርገው እኔ አይደለሁም። በካዝናው ግን ክር ይገዛል፣ የልምምድ ክፍል ይከፈላል።

ሌላው ልማዳችን ወጪ የለውም፣ ግን ብዙ ባንድ አያደርገውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ አንድን ሥራ በሕዝብ ፊት ማከናወን ራሱ የደራሲው መብት ነው ይላል። እኛ ደግሞ በሰው ሥራ እራት የምንበላ ሰዎች ነን። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት ስም እንጠራለን። ይህ ክፍያን እንደማይተካ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ታዳሚው «ወሬውን ተዉና ዝፈኑ!» ይል ነበር። አሁን ግን አንዳንድ ጠረጴዛ ላይ «እሱ ነው እንዴ የደረሰው?» የሚል ይሰማል። የሚቸግረው የቤዚስቱ ስም ነው። ብዙ የካሴት ሽፋን ላይ የባንዱ ስም ብቻ ነው ያለው፤ የሰዎቹ ስም የለም። የሰውዬውን ጣት በልቤ አውቀዋለሁ፤ የት ቦታ እንደሚዘገይ፣ የት እንደሚተው፣ የትኛውን ክር እንደሚወድ አውቃለሁ። ስሙን ግን ሳልጠራ አልፋለሁ።

ይህን ሁሉ እያማረርክ ለምን አትተወውም ለሚለኝ፦ ወር ውስጥ አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ወር አንዴ፣ ድራሙና ቤዙ ይገናኛሉ። ሳይነጋገሩ። ስድስት ለስምንቱ ምት ይንከባለላል፣ ሳክስፎኑ መግቢያውን ሳይሳሳት ይገባል፣ ድምፃዊቷ ዞር ብላ ታየናለች። ምግብ የሚያቀርበው ልጅ ትሪ እንደያዘ ትከሻው ይነሳል። ያን ሰዓት ቤዙ የት እንዳለ አንድም ሰው አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም። ቤዙን ብታቆም ግን ልጁም ይቆማል። ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ማታ ሆን ብዬ ለአራት ምት እጄን አነሳሁ። ትከሻው ቀጥ አለ። ስመለስ ተመለሰ። ፈረንጅ ይህን በወረቀት ያጥናው፤ ለእኔ ያ ትሪ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቤት አነጋገርኩ። «ስንት ናችሁ?» ሲሉኝ «ስድስት፤ ቤዙ እኔ ነኝ» አልኩ፤ ዋጋ ከመነሳቱ በፊት። መልሳቸውን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ድረስ ድራመራችን ለሥራ ወደ ሐዋሳ ስለተዛወረ ሰው እንፈልጋለን። ምት የሚያፋጥን ሳይሆን የሚያቆይ፣ የራሱ ዱላ ያለው። ልምምድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ስንል ስምንት ሰዓት ነው፤ ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዞ በር ላይ ነው፣ ያውም ከዘገየ ራሱን ጽፎ።